«ኡርዱ ብቻ!» አሉ፣ በእንግሊዝኛ

የዛሬው ተረብ በቤንጋሊ ላይ አይደለም፤ ስለ ቤንጋሊ አፉ እንዳመጣለት በሚለፈልፈው ላይ ነው። ቤንጋሊውማ «አንተ እኮ እንዲህ ነህ» የሚለው ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ደልሂ ነግራዋለች፣ ለንደን ነግራዋለች፣ ካራቺ በአዋጅ ነግራዋለች። እሱም መልስ ጎድሎበት አያውቅም። ከመልሱ እየተዋስኩ ላቀብላችሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ በፈረንጅ ያዙልኝ።

«ቤንጋሊ ማለት ያው ህንዳዊ ማለት ነው፤ ምን ያካብዳል?»

ያካብዳል እንጂ! ቤንጋሊኛን አፉን የፈታበት ሰው ከ230 ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው 170 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት በባንግላዴሽ ይኖራል፤ የራሷ ባንዲራ፣ የራሷ ጦር፣ የራሷ ራስ ምታት ያላት አገር ናት። የቀረው ህንድ ውስጥ በምዕራብ ቤንጋል፣ በትሪፑራና በአሳም ባራክ ሸለቆ አለ። የዳካውን «ህንዳዊ ነህ» ብትለው ይቆጣል፤ የኮልካታውን «ህንዳዊ አይደለህም» ብትለው ይቆጣል። አፍህን ከመክፈትህ በፊት የቆምክበትን ከተማ እወቅ።

«እሺ፣ ምዕራብ ቤንጋል የት ነው ያለው?»

በህንድ ምሥራቅ።

«ትቀልዳለህ?»

የሚቀልደው ካርታው ነው። በ1947 እንግሊዝ ሲወጣ ቤንጋል ለሁለት ተሰነጠቀች። ምሥራቁ ለፓኪስታን ደረሰ፤ በ1971 ባንግላዴሽ ሆኖ ወጣ። ምሥራቅ የሚባለው ስሙን ቀይሮ ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ምዕራቡ ግን «ምዕራብ» እንደተባለ ቀረ። የክልሉ ምክር ቤት በ2018 «ስማችን ባንግላ ይሁን» ብሎ ወሰነ። ደልሂ ፈቃድ አልሰጠችም። በገዛ ስምህ ለመጠራትም ማመልከቻ ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ለመሆኑ መጀመሪያ ከየት መጡ?»

ይቺ «ከየት መጡ» የምትባል ጥያቄ እኮ ሰውን ሁሉ በገዛ ቤቱ እንግዳ ታደርጋለች! ከብዙ ቦታ መጡ፤ ደግሞም እዚያው ነበሩ። ጋንጀስና ብራህማፑትራ አፈር ተሸክመው ወርደው ባሕር አፋፍ ላይ በዘረገፉት ደለል ላይ፣ ዛሬ ሳንታል የሚባሉት ሕዝቦች ከሚናገሩት ጋር የሚዛመዱ ቋንቋዎች የሚናገሩ ነባሮች ነበሩበት። ድራቪዳውያንም ነበሩበት፤ ከምሥራቁ ኮረብታ የወረዱ የቲቤትና የበርማ ቋንቋ ዘመዶችም ነበሩበት። ከምዕራብ ደግሞ የሳንስክሪት ዘመድ የሆነ ቋንቋ ወንዙን ተከትሎ ወረደ፤ ማጋዲ ከሚባለው የምሥራቅ ፕራክሪትም ቤንጋሊኛ፣ አሳምኛና ኦዲያ ወጡ። ንጹሕ ዘር ፍለጋ ከሆነ የመጣኸው ተመለስ፤ እዚያ አገር ወንዙም ድፍርስ ነው።

«ሙስሊሞቹ ግን ዘራቸው ከዐረብና ከፋርስ ነው ይባላል።»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። በ1872 እንግሊዞች የመጀመሪያውን ቆጠራ ሲያደርጉ ከቤንጋል ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሙስሊም ሆኖ ተገኘ። ያውም የጥንቶቹ ሙስሊም ሱልጣኖች ከተቀመጡባቸው ከተሞች ርቆ፣ በምሥራቁ ረግረግ ሩዝ የሚተክል ገበሬ። ቆጣሪዎቹ «እነዚህ የአገሬው ልጆች ናቸው» ቢሉ የሙስሊሙ መኳንንት ተቆጡ። ፉዝሊ ሩቢ የሚባሉ ሰውማ በ1895 «ከውጭ የመጣን ነን» ብለው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እስከማሳተም ደረሱ።

የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ኢተን በ1993 ባሳተመው ጥናት ወደ ጫካው ነው የሚወስደን። ጋንጀስ ዋና ፈሰሱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ቤንጋልን ይገዙ የነበሩት ሞጉሎች ደግሞ ጫካ መንጥሮ መስጊድ ለሚተክል ሰው ከግብር ነጻ መሬት ይሰጡ ነበር። ጫካው ሲመነጠር ሩዙም መስጊዱም እኩል በቀለ። እንግዲህ አያትህ በመጥረቢያው አገር ያቀና ጀግና ሆኖ ሳለ «ግመል ላይ ካልጫንኩት» ማለት ምን ይባላል?

«ቋንቋቸውስ ዕድሜው ስንት ነው?»

በ1907 ሃራፕራሳድ ሻስትሪ የሚባሉ ሊቅ የኔፓል ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ገብተው በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፉ የቡድሃ መናንያን መዝሙሮች አገኙ። ቻርያፓዳ ይባላሉ፤ ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። «የእኛ ናቸው!» አሉ ቤንጋሊዎች። «የእኛ!» አሉ አሳሞች። «የእኛ እንጂ!» አሉ ኦዲያዎች። ማይቲሊዎችም እጃቸውን አወጡ። ቋንቋዎቹ ገና ተለያይተው ሳያበቁ የተዘመረ ነውና ማንም አልዋሸም። ውርስ ሲገኝ ዘመድ እንደሚበዛ ደግሞ ለእናንተ አይነገርም።

«ፊደላቸው ግን ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ይመስላል።»

ገመዷ ማትራ ትባላለች። ከሥሯ የተንጠለጠለውን ቀረብ ብለህ ብታየው ደግሞ አሠራሩ ከእኛው ጋር ይገጥማል። እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን በጉያው ይዞ ይወለዳል፤ ሌላ ድምፅ ሲፈለግ ምልክት ይሰካለታል። የእነሱ ምልክት ከላይም፣ ከታችም፣ ከቀኝም፣ ከግራም ይመጣል። «ኪ» ለማለት የ«ኢ»ን ምልክት ከሆሄው በፊት ይጽፉና በኋላ ያነቧታል። ከሀ እስከ ፐ ለመሸምደድ ስንት ኩርኩም የቀመሰ ሰው በሰው ፊደል አይስቅም።

«ወንድና ሴት አይለዩም አሉ።»

በሰዋስው ነው ጌታው! «እሱ»ም «እሷ»ም «ሼ» ናቸው፤ ግሡም ጾታ አያውቅም። ማዕረግ ግን ያውቃል። ለልብ ጓደኛና ለታናሽ «ቱኢ»፣ ለእኩያ «ቱሚ»፣ ለትልቅ ሰው «አፕኒ» ይባላል። ስለዚህ ቤንጋሊ የማያውቀው ስልክ ሲደወልለት የሚያስጨንቀው ወንድ ይሁን ሴት አይደለም፤ አንቱ ልበለው ወይስ አንተ ነው። አንቱታ ሲያንሳቸው የሚያኮርፉ አጎት ያሉት ሐበሻ ይህ ጭንቀት ይገባዋል።

«ዘመን አቆጣጠራቸውስ?»

እኛ ከፈረንጅ 7 እና 8 ዓመት ዘገየን ብለን ስንኮራ፣ ቤንጋሊ 593 ዓመት ዘግይቶ ምንም አልመሰለውም! በኤፕሪል 2025 የተቀበሉት ዓመት 1432 ነው። የዚያን ዕለት ነጋዴው ሃልካታ ይከፍታል። ያለፈውን የዱቤ መዝገብ ዘግቶ ቀይ ጨርቅ የለበሰ አዲስ መዝገብ ያወጣል፤ ደንበኛው ዕዳውን ይከፍላል፣ ባለ ሱቁ ጣፋጭ ያቀርብለታል። በዓል ሲመጣ ከባለ ሱቁ ለመደበቅ መንገድ ለሚቀይር ሰው አይመከርም። ዳካ ኤፕሪል 14 ስታከብር ኮልካታ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ነው፤ ባንግላዴሽ ቀመሩን አሻሽላ ቀኑን ቁርጥ ስላደረገችው። አንዱ ቤንጋል እየጨፈረ ሌላው ገና ዶሮ ይገዛል።

«ሐበሻ ቤንጋልን ገዝቶ ነበር የሚባለውስ?»

እውነት ነው፤ ደረትህን ከመንፋትህ በፊት ግን ጨርሰህ ስማ። የቤንጋል ሱልጣኖች ከወዲህኛው የባሕር ዳር የተሸጡ ሐበሾችን ገዝተው ዘብና ወታደር አደረጓቸው። በ1487 የቤተ መንግሥቱ ዘብ አለቃ ጌታውን አስገድሎ ዙፋኑ ላይ ጉብ አለ። ከዚያ እስከ 1490ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሐበሾች እየተገዳደሉ ነገሡ። ከእነሱ አንዱ ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ነው፤ በጥንቷ የቤንጋል መዲና በጋውር ፍርስራሽ መካከል ዛሬም የቆመው ባለ አምስት ደርቡ ፊሮዝ ሚናር በስሙ ይጠራል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ የቤንጋል ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ፊሩዝ በአንድ ቀን 100 ሺህ ሩፒ ለድሆች እንዲሰጥ አዘዘ። ሹማምንቱ ይህ ሐበሻ ሳይለፋ ያገኘው ገንዘብ ዋጋው አልገባውም ተባባሉና፣ ብዛቱን አይቶ እንዲደነግጥ ብሩን መሬት ላይ ዘርግፈው ጠበቁት። ይህ ምንድን ነው አላቸው። ለድሆች ያዘዙት ነው አሉት። ይቺማ ምን ትበቃለች፣ ሌላ 100 ሺህ ጨምሩበት ብሏቸው አለፈ። ከዚህ በኋላ እኔ ተረበኛ ነኝ ብል ያሳፍረኛል።

አላውዲን ሁሴን ሻህ ሲነግሥ ሐበሾቹን ጠራርጎ አባረራቸው። አንተም «ገዝተናቸው ነበር» ብለህ ከመፎከርህ በፊት፣ እነዚያን ልጆች መጀመሪያ ማን ሸጣቸው የሚለውን መልስና ከዚያ እንፎክራለን።

«ቤንጋሊኛ የሂንዱ ቋንቋ ነው እንጂ የሙስሊም አይደለም።»

እንኳን ከአብዱል ሃኪም ጋር አልተገናኘህ! የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ባለቅኔ ነው። ቤንጋል ተወልዶ ቤንጋሊኛን የሚጠላውን ሰው በግጥሙ የልደቱን ነገር ጠረጠረበት፤ የአገሩ ቋንቋ ካልጣመው ለምን ለቆ አይሄድም እስከማለትም ደረሰ። ኋላ ከፓኪስታን መዲና ከካራቺ የሚመጣው የ«ኡርዱ ብቻ» አዋጅ 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ መልሱን አግኝቶ ነበር።

«ምን ቢሆን ነው ግን፣ ለቋንቋ ብሎ ሰው ይሞታል እንዴ?»

እሱን ተኳሹን ጠይቅ። ፓኪስታን ስትፈጠር ሁለት ክንፍ ነበራት፤ መካከሉ ላይ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የህንድ መሬት ተጋድሟል። በ1951 ቆጠራ ከሕዝቧ ቤንጋሊኛ ተናጋሪው ከመቶ 54 በላይ፣ ኡርዱን አፉን የፈታባት ከመቶ 7 ገደማ ነበር። ቴምብሩና የመንግሥቱ ቅጽ ግን በኡርዱና በእንግሊዝኛ ወጣ። በፌብሩዋሪ 1948 ዲሬንድራናት ዳታ ሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ውስጥ ተነሥተው «ቤንጋሊኛም ይጨመር» አሉ፤ ውድቅ ተደረገባቸው። በወሩ የፓኪስታን መሥራች ሙሐመድ አሊ ጂናህ ዳካ ድረስ መጥተው፣ የፓኪስታን የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሆነች ሕዝቡን ፊት ለፊት ነገሩት።

በምን ቋንቋ? በእንግሊዝኛ!

አፍ የፈቱበትስ? ጉጅራቲ!

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሰውየው ኡርዱን ለሌላው ያዘዙት እሳቸው እንኳ ሳይለብሷት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ተማሪዎች ፊት ቀርበው ሲደግሙት «አይሆንም!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሹሞቹ ግን ፍንጭ አይገባቸውም። እንዲያውም ቤንጋሊኛ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ የሚል ዕቅድ ወጣ። በጃንዋሪ 1952 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናዚሙዲን ያንኑ «ኡርዱ ብቻ» ደገሙት። እኒህ እንኳ የዳካ ተወላጅ ናቸው፤ ቤታቸው የሚነገረው ግን ኡርዱ ነው።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን ተማሪው የስብሰባ ክልከላውን ጥሶ ወጣ። ፖሊስ በዳካ ሕክምና ኮሌጅ አጠገብ ተኮሰ። ራፊቅ፣ ባርካት፣ ጃባርና ሳላም ሕይወታቸውን ከሰጡት መካከል ናቸው። ተማሪዎቹ በአንድ ሌሊት የመታሰቢያ ሐውልት ገንብተው አቆሙ፤ ፖሊስ በጥቂት ቀን ውስጥ አፈረሰው። ሐውልቱ ፈረሰ፣ ነገሩ አልፈረሰም። በ1956 ሕገ መንግሥት ቤንጋሊኛ ከኡርዱ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆነች። በ1999 ዩኔስኮ ያቺን ቀን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አላት። ተኳሹ አንድ ሰልፍ ሊበትን ወጥቶ ዓለም ሁሉ በየዓመቱ የሚያከብረው በዓል አትርፎ ገባ።

«ከዚያ በኋላስ የፓኪስታን መንግሥት ተዋቸው?»

ማን ተዋቸው! በ1967 ራቢንድራናት ታጎር ላይ ዞሩ። በ1913 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ዘፈኖች በፓኪስታን ሬዲዮ እንዳይሰሙ ተባለ። በዳካ የሚነገር ቀልድ አለ። አንድ ሹም የዩኒቨርሲቲ መምህሩን ጠርቶ «እናንተ ሁላችሁ ምሁራን ናችሁ፤ የራቢንድራናትን ዘፈን ለምን ራሳችሁ አትጽፉትም?» አለው ይባላል። መምህሩም «ጌታዬ፣ እኔ ከጻፍኩት እኮ የእኔ ዘፈን ሊሆን ነው» አለው።

መልሱ በዚህ አላበቃም። ታጎር በ1905 እንግሊዞች ቤንጋልን ሲከፍሉ ለመቃወም የጻፈውን «አማር ሾናር ባንግላ» ባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙሯ አደረገችው። የህንድም መዝሙር የዚሁ ሰው ነው። አንዱን ገጣሚ ከሬዲዮ ሲያባርሩት ሁለት አገሮች በቋሚነት ቀጠሩት!

«ህንድ ውስጥ የቀሩትስ ተመቻቸው?»

አሳምን ጠይቅ። በ1960 አሳምኛ ብቻዋን የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆነች። ሜይ 19 ቀን 1961 ሲልቻር ባቡር ጣቢያ ላይ ቤንጋሊኛም ይፈቀድ ብለው የተቀመጡ 11 ሰዎች በጥይት ተገደሉ፤ አንዷ ገና ማትሪክ የተፈተነች ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ቤንጋሊኛ ሲልቻር ባለችበት በባራክ ሸለቆ የሥራ ቋንቋ ሆና ተፈቀደች። ፓኪስታን የወደቀችበትን ፈተና ህንድ ኮርጃ ወደቀች።

«እርስ በርስ ግን ይስማማሉ፣ አይደል?»

ኮልካታ ስታዲየም ገብተህ ይህን ጥያቄ ጮክ ብለህ ጠይቅ! የምዕራቡ ነባር «ጎቲ» ይባላል፣ ከምሥራቅ የመጣው «ባንጋል»። ጎቲው በ1889 የተመሠረተው ሞሁን ባጋን ደጋፊ ነው፣ ባንጋሉ የ1920ው ኢስት ቤንጋል። ጎቲው ሲያሸንፍ ሽሪምፕ፣ ባንጋሉ ሲያሸንፍ ኢሊሽ ዓሣ ይበላል። ኢሊሽ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ ነው። በሰናፍጭ ይሠራና በእጅ ይበላል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነውን አጥንት አፍ ውስጥ በምላስ እየለዩ ከከንፈር ጥግ ያወጡታል። በሹካ ልብላው ያለ እንግዳ ወይ ይራባል ወይ ይታነቃል። የእርስ በርስ ጠባቸው እንግዲህ ይህ ነው፤ ማን ምን ዓሣ ይብላ። ሌላውን ጠብ በአብዛኛው ያመጣላቸው ሰው ነው።

«ለንደን ሄጄ የህንድ ምግብ በልቼ ነበር፤ ግሩም ነው።»

ወጥ ቤቱ ገብተህ «ከየት ነህ?» ብትል ኖሮ «ሲልሄት» ይሉህ ነበር፤ ባንግላዴሽ። እንግሊዝ አገር «የህንድ ምግብ ቤት» ከሚባለው አብዛኛውን ለብዙ ዘመን የያዙት የሲልሄት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ በእንግሊዝ መርከብ እሳት አንዳጅ ሆነው ሄዱ፤ ወደብ ላይ ወርደው ቀሩ። «ባንግላዴሽ» ብለው ቢጽፉ ፈረንጁ ስለማያውቃት «ህንድ» ብለው ጻፉ። ገበያው ስም ሰጣቸው፣ እነሱ ሒሳብ ሰጡት።

«እኔ ዱባይ ነበርኩ፤ እዚያ ባንጋሊ ማለት ጠራጊ ማለት ነው።»

እህቴ፣ እዚያው ቤት «ሐበሺያ» ማለትስ ምን ማለት ነበር? እሱ ሕንፃውን ሲጠርግ አንቺ ከአሥረኛው ፎቅ መስኮት ስትወለውዪ፣ የሁለታችሁም ፓስፖርት አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከመሳቢያው ባለቤት ጋር አብሮ መሳቅ ምን የሚሉት ነው?

«እንግዲህ ባንግላዴሽ ነጻ ከወጣች በኋላ የቋንቋና የማንነት ነገር ተፈታ።»

እዚህ ላይ ተረቡ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ ቤንጋሊ ወዳጄ ይቅር ይበለኝ። የ1972ቱ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ዜጎች «ቤንጋሊ» ተብለው ይጠራሉ አለ። ከቺታጎንግ ኮረብቶች የተመረጠው ማናቤንድራ ናራያን ላርማ ተነሣ፤ ቻክማ ከሚባለው ሕዝብ ነው። እኔም አባቶቼም ቤንጋሊ ተብለን አናውቅም፤ የባንግላዴሽ ዜጋ ነኝ፣ ቤንጋሊ ግን አይደለሁም ብሎ ምክር ቤቱን ጥሎ ወጣ። አዋጅ አውጪዎቹ ገና ከሃያ ዓመት በፊት «ኡርዱ ብቻ» ሲባሉ «አይሆንም!» ያሉት ራሳቸው ነበሩ። በኋላ ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ዚያ ዜጋውን ሁሉ «ባንግላዴሻዊ» አሉት፤ በ2011 እንደገና ተሻሽሎ ሕዝቡ ቤንጋሊ፣ ዜግነቱ ባንግላዴሻዊ ተባለ። የላርማ ወገኖች ግን በዚያም ከሕዝቡ ስም እንደወጡ ቀሩ።

«ቻክማ ስንት ቢሆን ነው? ለጥቂት ሰው ተብሎ ሕገ መንግሥት ይቀየራል እንዴ?»

አንተን ካራቺ አጥታሃለች! ቤንጋሊው «ብዙ ነኝ» ሲላት «ቁጥሩን ተወው፣ አንድነት ይቅደም» አለችው። ቻክማው «አንድነቱ ውስጥ አለሁ» ሲል ደግሞ «ስንት ናችሁ?» ተባለ። ለብዙው አንድነት፣ ለጥቂቱ ቁጥር የምትመዝ ከሆነ ቤንጋሊንም ቻክማንም ተዋቸው፤ ሚዛንህን አስመርምር።